የሠራተኛ ትርጉም በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ

የሠራተኛ ትርጉም በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ማን በሕጉ ጥበቃ ሥር እንደሚወድቅ፣ ማን ደግሞ ከጥበቃው ውጭ እንደሚቀር የሚወስን ጥያቄ ነው። በአሁኑ ጊዜ የሚሠራበት ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ወጥቷል። የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን፣ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ከሕግ ውጭ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው የመመለስ መብት፣ እነዚህ ሁሉ የሚጀምሩት አንድ ሰው በሕግ ዓይን «ሠራተኛ» ከተባለ በኋላ ነው። ካልተባለ፣ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ቢውልም አዋጁ አያውቀውም።

ይኸው ጥያቄ ባለፉት ዓመታት በአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ብዙ ክርክር አስነስቷል። የታክሲ መተግበሪያ ሾፌሮች፣ ምግብ አመላላሾችና የቤት ሠራተኞች «እኛስ ሠራተኞች አይደለንም ወይ?» ብለው ከስሰው ብዙዎቹ ረትተዋል፣ የተረቱም አሉ። በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ቁጥር ቀላል ስላልሆነ፣ የእነዚያ ፍርዶች ምክንያት ከአገራችን ሕግ ጎን ለጎን ሲታይ ብዙ ነገር ያሳያል።

ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ

የጥያቄውን ስፋት ለማየት በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ይበቃል። እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍም ወደ አገሪቱ የገባው በእሳቸው ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ማገዶ ትልቅ ክፍል ከዚሁ ደን እየተለቀመ ወደ ከተማው ይወርድ የነበረው በሴቶች ጀርባ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለ እነዚህ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ጥናት አስጠንቷል። በኋላም ሸክሙን ትተው ወደ ሽመናና ወደ ሌላ የእጅ ሥራ የገቡ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተዋል።

በአዋጁ አገላለጽ እንጨት ተሸካሚዋ ሠራተኛ አይደለችም፣ ምክንያቱም አሠሪ የላትም። የምትነሳበትን ሰዓትም ሆነ የምትሸከመውን መጠን የሚወስንላት ሰው የለም፣ ደመወዝ የሚከፍላትም የለም። የምትሸጠው እንጨት ወይም ቅጠል ነው። ቁልቁለቱ ላይ ወድቃ ወገቧ ቢጎዳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የምትጠይቀው ወገን አይገኝም። የሠራተኛ ሕግ ሁለት ሰዎችን ይፈልጋል፦ የሚያዝና የሚታዘዝ። አንደኛው ወገን ከሌለ ሕጉ የሚይዘው ነገር የለውም። አዋጁን ማሻሻል ብቻውን ለእሷ ብዙ የማይፈይድላትም ለዚህ ነው።

ትንሽ ወረድ ሲሉ ሽሮ ሜዳ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ወይም የጋሞ ልጆች ናቸው። አንዳንዱ ድሩንና ማጉን ራሱ ገዝቶ፣ በራሱ ዕቃ ሸምኖ፣ ለፈለገው ነጋዴ ይሸጣል። ይህ ሰው በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሌላው ግን ክሩንም ዕቃውንም ከአሠሪው ተቀብሎ፣ በአሠሪው ቤት ተቀምጦ፣ ጥለቱ ተነግሮት፣ በጨረሰው ነጠላ ወይም ጋቢ ቁጥር ይከፈለዋል። ሁለቱም ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሥራቸው አንድ ነው፣ በሕግ ዓይን ግን አንደኛው ነጋዴ፣ ሁለተኛው ሠራተኛ ሊባል ይችላል። በቁጥር መከፈል ብቻውን ሰውን ከሠራተኝነት አያወጣም፣ አዋጁ በሥራ ውጤት መጠን የሚከፈል ደመወዝን ያውቃልና።

በነገራችን ላይ፣ ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አንጥረኛና ሸማኔ በሚናቅበት ዘመን የወጣ በመሆኑ ትልቅ ነገር ነው። አዋጁ ግን ለባለሙያው ክብር ሰጠው እንጂ ሰዓቱንና ክፍያውን አልነካም። ያንን የነኩት ሕጎች የመጡት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ሕጉ እንዴት ይለያል

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሰፊ የሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210/1956 ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ሥራ ውል የሚናገር ረጅም ክፍል አለው። ከዚያ በደርግ ዘመን አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ ከደርግ በኋላ አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 377/1996 ወጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ደግሞ የመደራጀት፣ የመደራደር፣ ሥራ የማቆም፣ የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የማግኘት መብቶችን ደንግጓል። ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ እንደሚገባቸውም በዚሁ አንቀጽ ተጽፏል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በአሠሪ መሪነት፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለአንድ የተወሰነ ሥራ ለመሥራት ሲስማማ የሥራ ውል ተቋቋመ ይላል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ሸክም የሚሸከመው «በአሠሪ መሪነት» የሚለው ሐረግ ነው። መሪነት ካለ ሠራተኛ አለ፤ ከሌለ የለም። ውሉ የተለየ ቅርጽ አያስፈልገውም፣ በቃልም ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የውሉን ዋና ዋና ነገሮች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ይገደዳል። ይህን ባያደርግ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በመርህ ደረጃ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፣ ጊዜው የተወሰነ ነው የሚለው ወገን ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱን ማሳየት አለበት።

ከዚያ አዋጁ ማንን እንደማይመለከት ይዘረዝራል። ለአስተዳደግ፣ ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት ዓላማዎች የሚደረጉ ውሎች፣ የሥራ መሪዎች፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር፣ የመከላከያና የፖሊስ ባልደረቦች፣ ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ሌሎች በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እንዲሁም በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ለዋጋ የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ውጭ ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ «ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት» የሚለው ደረቅ ሐረግ ሲያነቡት ምንም አይመስልም። የቤት ሠራተኞችን በሙሉ የሚያስወጣው ግን እሱ ነው።

ስለ ሃይማኖት ተቋማት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን እንደሚችል አዋጁ ይናገራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም ቀደም ባለው ሕግ ጊዜ መንፈሳዊ አገልግሎት የሚሰጡ ካህናትና ዲያቆናት ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያላቸው ግንኙነት በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እንደማይመራ ወስኗል። በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ ቅዳሴ የሚቀድሰው ዲያቆንና በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ ጥያቄያቸው የተለያየ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የ2011ዱ አዋጅ ለሠራተኛው የሰጠውም የነሳውም አለ። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ሆኗል፤ በፊት ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ነው። አባትም የሦስት ቀን ፈቃድ ከክፍያ ጋር አግኝቷል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን ከአንድ ከሩብ ወደ አንድ ተኩል፣ በሌሊት ከአንድ ተኩል ወደ አንድ ነጥብ 75 እጥፍ ከፍ ብሏል፣ በአንጻሩ አሠሪው ሊያዝ የሚችለው የትርፍ ሰዓት መጠንም ከቀድሞው በቀን ሁለት ሰዓት ወደ አራት ሰዓት አድጓል። የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ረዝሟል። የዓመት ፈቃድ ደግሞ ሒሳቡ ያታልላል። መነሻው ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ አለ፣ ጭማሪው ግን በየዓመቱ አንድ ቀን መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ሆነ። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው በድሮው ሕግ 23 ቀን ያገኝ የነበረው በአዲሱ 20 ቀን ያገኛል። አዲስ ገቢ ተጠቀመ፣ ነባሩ ከሰረ።

ክርክሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ

የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠይቃል። ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት አይከፍልም። የጋራ ድርድርንና መሰል ጉዳዮችን የሚመለከቱ የወል ክርክሮች ደግሞ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይቀርባሉ።

ይግባኝ ካለቀ በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ወገን ወደ ሰበር መሄድ ይችላል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይህን አስቀጥሎ፣ ቀድሞ የተሰጠን አስገዳጅ ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙ አድርጓል። ውሳኔዎቹ በቅጽ እየተጠረዙ ይታተማሉ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይም በቅጾቹ ውስጥ የራሱ ክፍል አለው። ስለዚህ አዋጁን ብቻ ያነበበ ሰው ሕጉን ግማሹን ነው ያነበበው።

ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም ካሳ እንዲከፈለው ሊወሰን ይችላል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም ይጨመርበታል። ወደ ሥራ ይመለስ ከተባለ የሚከፈለው ውዝፍ ደመወዝ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ከስድስት ወር፣ በይግባኝ ከአንድ ዓመት አይበልጥም። ሠራተኛው መመለስ ቢፈልግም እንኳ ግንኙነቱ ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ በካሳ ሊያሰናብተው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን በይርጋ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ስድስት ወር፣ ሌላው በጠቅላላው አንድ ዓመት አለው። የተባረረ ሰው በአገራችን ባህል መጀመሪያ የሚያደርገው ሽማግሌ መላክ ነው። ሽማግሌ ሲመላለስ፣ «ቆይ ይጣራል» ሲባል፣ በዓል ሲያልፍ፣ ሦስት ወር እንዲሁ ይሄዳል።

በስንብት ምክንያቶችም አዲሱ አዋጅ ጠበቅ ብሏል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የዘገየ፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። በቀድሞው ሕግ አምስቱ ቀን ተከታታይ መሆን ነበረበት። ከእንጦጦ ግርጌ ተነስቶ ሁለት ታክሲ ይዞ ቃሊቲ ፋብሪካ ለሚገባ ሰው ስምንት መዘግየት በስድስት ወር ውስጥ ሩቅ ቁጥር አይደለም።

የቤት ሠራተኞች

የቤት ሠራተኛ በአዲስ አበባ የሌለችበት ሰፈር የለም። በአዋጁ ግን የለችም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። የቀድሞው አዋጅም እንዲሁ ብሎ ነበር። ለእነሱ የሚጠቀሰው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ተቀጣሪ የሚናገሩት ከቁጥር 2601 እስከ 2604 ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ፍሬ ነገራቸው አሠሪው በመኖሪያ፣ በምግብ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓት ረገድ የተቀጣሪውን ጤናና ሞራል ለመጠበቅ ተገቢውን ያድርግ የሚል ነው። ሰዓቱ ስንት ነው? ዕረፍቷ በየትኛው ቀን ነው? ይህ ለአሠሪው ኅሊና የተተወ ነው። ልጅቷ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ማታ አራት ሰዓት ብትተኛ «ትርፍ ሰዓት» የሚባል ነገር የላትም፣ ምክንያቱም «መደበኛ ሰዓት» አልተሰጣትም።

እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ኢትዮጵያዊት ወደ ዮርዳኖስ ወይም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለቤት ሠራተኝነት በሕጋዊ መንገድ ስትሄድ፣ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዕድሜዋ ከ18 እንዳያንስ፣ የሥራ ውሏ በጽሑፍ እንዲሆንና በመንግሥት እንዲጸድቅ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። እዚያ የሚደርስባት በደል ብዙ ነው፣ ሕጉ በተግባር ስንቱን እንደሚያድን ሌላ ጉዳይ ነው። ቢያንስ በወረቀት ላይ ግን ቤይሩት ወይም ሪያድ የምትሠራዋ እህት ጉለሌ ከምትሠራዋ ታናሿ ይልቅ የኢትዮጵያ ሕግ ያያታል።

በአውሮፓ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከቱ ሁለት ትልልቅ ፍርዶች የወጡት ከስፔን በመጡ ጉዳዮች ነው። በስፔን ሕግ የቤት ሠራተኞች ከሥራ አጥነት ድጎማ ሥርዓት ውጭ ነበሩ። ሉክሰምበርግ የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 24 ቀን 2022 በሰጠው ፍርድ፣ ከእነዚህ ሠራተኞች ከመቶ 95 የሚበልጡት ሴቶች ስለሆኑ፣ ሕጉ ሴት የሚል ቃል ባይጠቅስም በተግባር ሴቶችን የሚጎዳ ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ ነው አለ። ስፔን በዚያው ዓመት ሕጓን አሻሻለች፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስለ ቤት ሠራተኞች የወጣውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 አጸደቀች።

ሁለተኛው ፍርድ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2024 የወጣ ነው። አንዲት የቤት ሠራተኛ ከሥራ ተሰናብታ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠየቀች። የአገሩ ፍርድ ቤት ሰዓቱን አላስረዳሽም ብሎ ጥያቄዋን አልተቀበለም። ሌሎች አሠሪዎች የሠራተኛን ሰዓት መመዝገብ ግዴታ ሲኖርባቸው ቤተሰብ ግን ከዚያ ነፃ ነበር፣ ስለዚህ መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ይህ ነፃነት የሥራ ሰዓት መመሪያውን ይጥሳል አለ። መሠረቱ ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2019 በዶይቼ ባንክ ጉዳይ የወሰነው ነው፦ አሠሪ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየቀኑ የሠራውን ሰዓት የሚለካ ተጨባጭ፣ አስተማማኝና ሠራተኛው ሊያየው የሚችል ዘዴ መዘርጋት አለበት። ካልተለካ ሠራተኛው ምን ያህል እንደሠራ፣ መብቱም መጣስ አለመጣሱን ማወቅ አይቻልም።

የኢትዮጵያ አዋጅም በዚህ ነጥብ ባዶ አይደለም። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ እንዲሠራና ትእዛዙም ሰዓቱም እንዲመዘገብ፣ የሳምንት ዕረፍትና ፈቃድም በመዝገብ እንዲያዙ ያዛል። አዋጁ የሚመለከተው ሠራተኛ፣ መዝገቡን መያዝ የነበረበት አሠሪው እንደሆነ ለችሎቱ ማመልከት ይችላል። የቤት ሠራተኛዋ ግን ይህንንም ክርክር ማንሳት አትችልም።

በመተግበሪያ የሚሠሩ ሾፌሮች

አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ራይድና ፈረስ ያሉ መተግበሪያዎች ከመጡ ወዲህ ብዙ ሰው መኪና ይዞ ወይም ተከራይቶ በስልኩ በሚመጣለት ጥሪ ይሠራል። ምግብ በሞተር የሚያመላልሱ ወጣቶችም በዝተዋል። ተሳፋሪውን የሚያገናኘው መተግበሪያው ነው፣ ሒሳቡን የሚያሰላውም እሱ ነው፣ ድርጅቱ ከዚያ ላይ ኮሚሽን ይወስዳል። ሾፌሩ ሲፈልግ ስልኩን ያጠፋል። አዋጁ ስለዚህ ዓይነት ሥራ በስም የተናገረው ነገር የለም። ስለዚህ ወደ «በአሠሪ መሪነት» እና «በራሱ የንግድ ሥራ ኃላፊነት» ልዩነት እንመለሳለን።

ይህን ልዩነት በዝርዝር የመረመረው የታወቀ ፍርድ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 19 ቀን 2021 በኡበር ጉዳይ የሰጠው ነው። ብሪታንያ ያኔ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ ነበር፣ ፍርዱ ግን በአህጉሩ ሁሉ ተነቧል። ኡበር «እኛ የቴክኖሎጂ ድርጅት ነን፣ ሾፌሮቹ የራሳቸው ነጋዴዎች ናቸው» ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ውሉ ላይ የተጻፈውን ትቶ የሚሆነውን አየ። ዋጋውን የሚወስነው ኡበር ነው። የውሉን ቃል የሚጽፈው ኡበር ነው፣ ሾፌሩ መደራደር አይችልም። መተግበሪያውን ከከፈተ በኋላ ጥሪ ደጋግሞ እንቢ ካለ ይቀጣል። ተሳፋሪ በሚሰጠው ነጥብ ይመዘናል፣ ነጥቡ ከወረደ ይሰናበታል። ሾፌሩና ተሳፋሪው ከጉዞው ውጭ እንዳይገናኙም ተደርጓል። እነዚህ አምስት ነገሮች አንድ ላይ ሲታዩ ሾፌሩ ገቢውን የሚጨምርበት ብቸኛ መንገድ ረጅም ሰዓት መሥራት ነው፣ ይህ ደግሞ የነጋዴ ሳይሆን የሠራተኛ ኑሮ ነው። የሥራ ሰዓቱም የሚቆጠረው ተሳፋሪ ከተጫነበት ሳይሆን መተግበሪያውን ከፍቶ ዝግጁ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ነው ተባለ። ኡበር በወሩ ገደማ ከ70,000 በላይ ለሚሆኑ የብሪታንያ ሾፌሮቹ የዝቅተኛ ደመወዝና የዕረፍት ክፍያ መብት እንደሚሰጥ አስታወቀ።

የኢትዮጵያው አዋጅ «መደበኛ የሥራ ሰዓት» ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበት ወይም ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነው ይላል። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ መኪናውን አቁሞ ጥሪ የሚጠብቅ ሾፌር ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም? ሠራተኛ ነው ከተባለ መልሱ በአዋጁ ቃል ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ጽንሰ ሐሳብ ለጥበቃ ሠራተኛም ሆነ ለቴክኒክ ተጠሪ የሚጠቅም ነው።

የአውሮፓ ፍርዶች ሁሉ ግን ወደ አንድ ወገን አላጋደሉም። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2020 የኡበር ሾፌር ተቀጣሪ ነው አለ። የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2020 በግሎቮ አመላላሽ ጉዳይ ተመሳሳይ ወሰነ፣ በቀጣዩ ዓመትም አመላላሾች እንደ ተቀጣሪ እንዲገመቱ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። የኔዘርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2023 የዴሊቨሩ አመላላሾችን ተቀጣሪዎች አላቸው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 21 ቀን ግን የእንግሊዙ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ተመሳሳይ ድርጅት ሌላ መልስ ሰጠ። አመላላሹ በራሱ ምትክ ሌላ ሰው መላክ ስለሚችል የሥራ ግንኙነት የለውም፣ ስለዚህም በማኅበሩ በኩል ድርጅቱን በጋራ ድርድር ሊያስገድድ አይችልም አለ። አንድ ድርጅት፣ አንድ ዓይነት ብስክሌት፣ ሁለት አገር፣ ሁለት መልስ። ድርጅቶች ውላቸው ውስጥ «ምትክ መላክ ትችላለህ» የሚል አንቀጽ የሚያስገቡት ለዚህ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ዳኛ ማየት ያለበት አንቀጹ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ማን በተግባር እንደሚጠቀምበት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ውዝግብ ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2024 በመተግበሪያ አማካይነት ስለሚሠራ ሥራ መመሪያ አውጥቷል። አባል አገሮች እስከ ዲሴምበር 2 ቀን 2026 ድረስ ወደ ሕጋቸው እንዲያስገቡት ይጠበቃል። መመሪያው ድርጅቱ ሥራውን እንደሚመራና እንደሚቆጣጠር የሚያሳዩ ነገሮች ሲኖሩ የሥራ ግንኙነት አለ ተብሎ ይገመት፣ አይደለም የሚለው ድርጅቱ ያስረዳ ይላል። ሌላው ቁም ነገር ስልተ ቀመርን ይመለከታል። ሠራተኛን ማሰናበትና አካውንቱን መዝጋት በማሽን ብቻ እንዳይወሰን፣ ሰው እንዲያየው ይጠይቃል። ድሮ መሪነት ማለት ካቦው ቆሞ «ቶሎ በል!» ሲል ነበር። አሁን ጥሪው ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ኮዱን የጻፈው ሰው ሾፌሩን አያውቀውም፣ ሾፌሩም ለምን ጥሪ እንደቀነሰበት የሚጠይቀው ሰው የለውም። ይህ ከካቦው ያነሰ መሪነት ነው ማለት ይከብዳል፣ እንዲያውም የአዋጁ «በተዘዋዋሪ» የሚለው ቃል ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የተጻፈ ይመስላል።

በኤጀንሲ የሚቀጠሩ

በባንኮች፣ በሆቴሎችና በፋብሪካዎች የሚሠሩ ብዙ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፍላቸው የሚሠሩበት ድርጅት ሳይሆን አገናኝ ኤጀንሲ ነው። እዚህ ላይ ሠራተኝነታቸው አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው አሠሪያቸው ማን ነው የሚለው ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው አንዱ፣ ደመወዝ የሚከፍለው ሌላው፤ ችግር ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ የሚወስዱትን ድርሻ በተደጋጋሚ ተቃውሟል።

የመንግሥት ሠራተኞችና ሥራ ማቆም

የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር ከአዋጁ ውጭ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀት መብት እንዳላቸው ቢናገርም፣ ዝርዝሩን በሕግ እንዲወሰን ትቶታል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሞችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው ሥራ ባቆሙበት ጊዜ፣ መንግሥት ድርጊቱን ሕገ ወጥ ብሎታል፣ የታሰሩ ባለሙያዎችም ነበሩ።

በዚህ ነጥብ አውሮፓን እንደ ምሳሌ ማቅረብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2008 በቱርክ ላይ በሰጠው ፍርድ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀትና የመደራደር መብት አላቸው ብሏል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2023 ግን ጀርመን በመንግሥት ሹመት የሚያስተምሩ መምህራንን ሥራ እንዳያቆሙ መከልከሏ መብታቸውን አይጥስም ሲል ወሰነ። ያስከተለው ምክንያት መምህራኑ መደራጀትና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ሐሳብ ማቅረብ ስለሚችሉ፣ የዕድሜ ልክ ቅጥርና በቂ ደመወዝም ስላላቸው ነው የሚል ነው። ከፍርዱ ውስጥ ክልከላውን ብቻ ነጥሎ መጥቀስ ቀላል ነው። ፍርዱ የቆመባቸው ሌሎች ምሰሶዎች አብረው ካልተጠቀሱ ግን ሌላ ፍርድ ይሆናል።

ዝቅተኛ ደመወዝ

ሠራተኛ የተባለ ሰውም ቢሆን በኢትዮጵያ በግል ድርጅት ከዚህ በታች አይከፈልህም የሚል ብሔራዊ መነሻ የለውም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው አጥንቶ የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት የኑሮ ውድነቱ ሲጨምር ኮንፌዴሬሽኑ ቦርዱ እንዲቋቋም ደጋግሞ ጠይቋል። በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች ስፌት ቤት ውስጥ ለሚሠሩ ወጣት ሴቶች ደመወዙ የሚወሰነው በአሠሪውና በተቀጣሪዋ ስምምነት ነው ይባላል፣ አንዷ ተቀጣሪ ከአንድ የውጭ ኩባንያ ጋር የምታደርገው ስምምነት ስምምነት ከተባለ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ በቂ ዝቅተኛ ደመወዝ መመሪያ ሲያወጣ ዴንማርክ «ደመወዝ የኅብረቱ ሥልጣን አይደለም» ብላ ከሰሰች። የዴንማርክ ክስ ከአሠሪ ወገን የመጣ አልነበረም፤ በዚያ አገር ደመወዝ በሠራተኛ ማኅበራትና በአሠሪዎች ድርድር ስለሚወሰን ሕግ ጣልቃ እንዲገባ አይፈለግም። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2025 አብዛኛውን መመሪያ አጽንቶ፣ የዝቅተኛ ደመወዝን አወሳሰን መስፈርቶች የሚዘረዝረውንና በራሱ የሚስተካከል ደመወዝ እንዳይቀንስ የሚከለክለውን ክፍል ሰረዘ። የጋራ ድርድርን የሚያበረታታው፣ በጋራ ስምምነት የሚሸፈነው ሠራተኛ ከመቶ 80 በታች በሆነባቸው አገሮች መንግሥት ዕቅድ እንዲያወጣ የሚያዘው ክፍል ግን ጸንቷል።